ለስላሳ ቆዳ እንዴት አጥንት ይበላል? የአንባቢያን የጆሮ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ጆሮ ፈሳሽ እግረ መንገዴን ሁለት መስመር ጣል አርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ለሁለት ወር ይበቃኛል። አብዛኛው ኮሌስቲያቶማ በሚባለው የመካከለኛ ጆሮ ከረጢት ላይ ስለሆነ ዛሬ ሌላውን ወደ ጎን ብዬ በሱ ላይ አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ስለ ጆሮ ደግፍ የጻፋችሁ ደሞ ታገሱኝ፣ እሱ ስሙ ጆሮ ይበል እንጂ የምራቅ እጢ በሽታ ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

«ሰላም ዶክተር፣ ዱባይ የቤት ሰራተኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀኝ ጆሮዬ ይመግላል ይደርቃል፣ ለምጄዋለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሲያሳክከኝ በጣቴ ጫን ሳረገው ቤቱ በሙሉ ይዞርብኛል፣ ግድግዳ ካልያዝኩ እወድቃለሁ፣ ስለቀው ይቆማል። ደም ማነስ ነው ብለው የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። እውነት ደም ማነስ ነው?» (ከዱባይ)

የኔ እህት፣ ላንቺ በቴሌግራም በዛው ቀን መልሰናል፣ እዚህ የማወጣው እንዳንቺ የሚሆን ሌላ ሰው ካለ ብዬ ነው። ደም ማነስ ያዞራል፣ ልክ ነው፣ ግን በጣት ሲጫኑት የሚመጣ ሲለቁት የሚሄድ ደም ማነስ አላየሁም። ለዓመታት ሲመግል የኖረ ጆሮ ሲጫኑት ካዞረ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ከረጢቱ አጥንቱን ቦርቡሮታል ብለን ነው የምንነሳው።

ውስጠኛው ጆሮ ላይ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ሶስት ፈሳሽ የያዙ ጠማማ ቱቦዎች አሉ። የተቀበሩት ከሰውነታችን ሁሉ ጠጣር በሆነው አጥንት ውስጥ ነው፣ አንዷ ግን፣ አግድም የተኛችው፣ ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ያ ግድግዳ ከተሸረሸረ ጣትሽ የገፋው አየር ሄዶ ፈሳሹን ይገፋዋል፣ አእምሮሽም ጭንቅላቴ ዞረ ብሎ ያምናል፣ ቤቱ ይዞራል። አንዳንዱ ሰው ሲያስነጥሰው ወይ ኃይለኛ ድምጽ ሲሰማ ሁሉ ይመጣበታል። እኔን የሚያስፈራኝ ማዞሩ አይደለም፣ ያቺ ቀዳዳ ለባክቴሪያም በር መሆኗ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ከገባ መስማት ላይመለስ ሊጠፋ ይችላል፣ ከዛ አልፎ ደሞ ማጅራት ገትር አለ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ስፔሻሊስት ጋ ድረሺ። ለማዳምሽ «ያዞረኛል» ብቻ ካልሻት እረፍት ውሰጂ ትልሻለች፣ «ጆሮዬን ስጫነው ያዞረኛል፣ መግልም አለው» በያት፣ ለሐኪሙም እሷኑ ድገሚለት፣ ጆሮ የሚያውቅ ሐኪም ይቺን ሲሰማ ወዲያው ሲቲ ስካን ያዝልሻል። ማንም በሲሪንጅ ውሃ ገፍቶ እንዳያጥብልሽ፣ አንቺም አትነካኪው። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ የአንገት መገተር ወይ የፊት መጣመም ከመጣ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ በዛው ሰዓት ኢመርጀንሲ።

«ዶክተር እንደምን ከረሙ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ጆሮው ከ4 ዓመቱ ጀምሮ ይፈሳል፣ ጠብታ ሲደረግለት ይደርቃል፣ ጉንፋን ሲይዘው ይመለሳል። ሽታው ክፍል ውስጥ አብረውት የሚቀመጡ ልጆች እስኪሸሹት ነው። ግን አንድ ቀን እንኳን አመመኝ ብሎ አያውቅም። አሁን ሲቲ ስካን ተነስቶ ከረጢት አለ፣ አጥንቱን በልቶታል ተባልንና ወደ አዲስ አበባ ለኦፕሬሽን ሪፈር ተጻፈልን። ለስላሳ ነገር አጥንት እንዴት ይበላል? ነቀርሳ ሆኖ ደብቀውኝ ይሆን? ጠብታው እኮ ጥሩ ያረገው ነበር፣ ኦፕሬሽኑ ቢቀርስ?» (የልጅ እናት፣ ከደሴ)

እህቴ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ «አመመኝ ብሎ አያውቅም» የሚለው ነው ቁልፉ፣ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ እንቅልፍ የነሳዎትን ላንሳልዎ። የገለጹልኝ ነገር ነቀርሳ አይደለም፣ ኮሌስቲያቶማ ይባላል፣ ወደ ሳንባ ወደ ጉበት አይሰራጭም። እንዲያውም ሲያዩት ቆዳ ነው። ክንድዎ ላይ ያለው ዓይነት ተራ ቆዳ፣ ጥፋቱ የማይገባው ቦታ መግባቱ ብቻ።

እንዴት ገባ ላሉ፣ መካከለኛው ጆሮ አየር የሚያገኘው ከአፍንጫ ጀርባ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ስንውጥ ስናዛጋ ከፈት ይላል። ልጆች ላይ ይሄ ቱቦ አጭርና ጋደል ያለ ስለሆነ በትንሽ በትልቁ ይደፈናል። ሲደፈን ውስጥ ያለው አየር ቀስ እያለ ያልቃል። የሃይላንድ ፕላስቲክ አፍ ላይ አፍ ገጥመው አየሩን ሲመጡት ጎኑ ጭምድድ ብሎ እንደሚገባው ሁሉ፣ የጆሮ ታምቡርም ላላ ባለው የላይኛው ጫፉ በኩል ወደ ውስጥ ተስቦ ትንሽ ኪስ ይሰራል። አንዳንዴ ደሞ ታምቡሩ ተቀዶ ቆዳው በቀዳዳው ጫፍ ዞሮ ይገባል፣ ጥቂት ልጆች ላይም ሲወለዱ ጀምሮ ከታምቡሩ ጀርባ ነጭ ሉል መስላ ትገኛለች። የልጅዎ ታሪክ ግን የመጀመሪያዎቹን ነው የሚመስለው።

የታምቡር ቆዳ አንድ የሚገርም ጸባይ አለው፣ ይሄዳል። ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ውጭ፣ በቀን ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ማለት ነው፣ እየሄደ የሞተውን ቅርፊት ከኩክ ጋር ጠርጎ ያወጣል፣ ጆሮ በኮተን መጎርጎር የማያስፈልገው ለዚህ ነው (ይሄን ስናገር ሃያ ዓመት ሆነኝ፣ ሰሚ አላገኘሁም፣ ክብሪት እንጨትና የብዕር ክዳንም አልቀሩ)። ኪሱ ውስጥ የገባው ቆዳም ቅርፊቱን መጣሉን አላቆመም። የራስ ፎረፎር በሉት፣ ግን አፉ ጠባብ ጆንያ ውስጥ የሚራገፍ ፎረፎር። መውጫ የለውም፣ ይከማቻል፣ እርጥበት ያገኘዋል፣ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፣ ይሸታል። ልጆቹ የሚሸሹት ሽታ እሱ ነው። አስተማሪውን ሄደው ያናግሩልኝ እባክዎ፣ ልጁ ንጽህና ጎድሎት እንዳልሆነ ይንገሯቸው፣ በደህናው ጆሮው በኩል ወደ መምህሩ አርገው ፊት ወንበር ያስቀምጡት።

አሁን ወደ አጥንቱ። ድሮ ይታሰብ የነበረው ከረጢቱ እየተለቀ በግፊት ነው አጥንቱን የሚጨርሰው ተብሎ ነው፣ ግፊትም ድርሻ አለው። ዋናው ስራ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚሰራው። አጥንት ድንጋይ አይደለም፣ ሕይወት አለው፣ ያለማቋረጥ ይፈርሳል ይሰራል፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ በዓመት ወደ 10 በመቶ የሚሆነው አጥንት ፈርሶ በአዲስ ይተካል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። አጥንቱ ላይ ተለጥፈው ከስራቸው አሲድ ያፈሱበታል፣ ካልሲየሙ ይሟሟል፣ የቀረውን ጅማት መሳይ ነገር በኢንዛይም ይፈጩታል። እነዚህ ሴሎች ከሜዳ ተነስተው አያፈርሱም፣ ትዕዛዝ ይፈልጋሉ። የታመመው ከረጢትና ዙሪያው ያለው የተቆጣ ስጋ ያንን ትዕዛዝ ሳያቋርጥ ይልካል፣ ራንክል የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን አለ፣ ሌሎችም የቁጣ ኬሚካሎች አሉ፣ ባክቴሪያ ሲጨመርበት ይብሳል። በር ላይ ቀይ ቀለም እንደመቀባት ነው፣ ቤቱን የሚያፈርሰው ቀለሙ አይደለም፣ ቀለሙን አይቶ የሚመጣው ዶዘር ነው፣ ያውም ዶዘሩ የራሳችን። ካሳም የለውም፣ ምክንያቱም መልሰው የሚገነቡት ሴሎች እዛ ቁጣ ውስጥ አይደርሱለትም። ለስላሳው ቆዳ ጥርስ ሳይኖረው አጥንት በላ የሚባለው እንዲህ ነው።

የልጅዎን እድሜ የሚያህል ልጅ ስንከፍት ያየሁትን ልንገርዎ። ከጆሮው ጀርባ አጥንቱን በድሪል እየፈቀፈቅን ስንገባ ማይክሮስኮፑ ስር ነጭ የሚያብለጨልጭ ዕንቁ የመሰለች ነገር ብቅ አለች፣ ታምራለች፣ ልዋሽዎ አልችልም። ስትቀደድ ውስጧ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ድርብርብ፣ መሃሉ እርጥብ አይብ። እሱን ጠርገን ስናይ ከሶስቱ የመስሚያ አጥንቶች መሃለኛዋ፣ መስፍ የምንላት፣ ረጅሙ እግሯ እንደተቀረጸ እርሳስ ሾላ ቀርታለች። መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ናቸው ስማቸው፣ ድምጽን ከታምቡር ተቀብለው እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ፣ እርካቧ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ትንሿ። የመስፏ እግር ጫፍ ቀጭንና ደም በደንብ የማይደርሰው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት፣ ከሷ እኩል ወይ ቀድሞ ደሞ ከታምቡሩ በላይ ያለው ስስ የአጥንት ጠርዝ ይሸረሸራል። ከዛ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ከረጢቱ ያዘነበለበት ነው፣ ጣራው ላይ ከሆነ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ አጥንት ነው ከአንጎል የሚለየው፣ ጎኑ ላይ ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ኋላ ትልቅ የደም ስር አለ። የዱባይዋ እህታችን የደረሰባት ደሞ የሚዛኗን ቱቦ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አያምም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አጥንቱ ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው፣ መግሉም መውጫ ስላገኘ ውስጥ ታምቆ አይጠዘጥዝም። የሚያለቅስ ልጅ በሌሊት ሐኪም ቤት ይሮጣል፣ ዝም ያለ ልጅ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። እርስዎን እየወቀስኩ አይደለም፣ ጠብታ ሰጥተው ብቻ የሸኙትን ባለሙያዎች ነው። ሽታ ያለው ፈሳሽ በጠብታ ደርቆ የሚመለስ ከሆነ ጆሮው ተጠርጎ በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት።

ጠብታው ጥሩ ያረገዋል ያሉት እውነት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ዓይነቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ቁጣው ይበርዳል፣ ትዕዛዙም ይቀንሳል፣ ፈሳሹ ይደርቃል። ከረጢቱ ግን እዛው ነው፣ ቆዳ በጠብታ አይሞትም፣ ቅርፊቱን መጣሉን ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ጉንፋን እንደገና ይነሳል። ልጆች ላይ ደሞ ከአዋቂ ይልቅ ፈጠን ያለ ነው። ስለዚህ ኦፕሬሽኑ አይቅር። ሪፈሩን ይዘው ይሂዱ፣ የሲቲውን ሲዲ እንዳይረሱ፣ ሪፖርቱ ብቻውን አይበቃም፣ ቀዳጁ ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት አለበት።

ምን እንደሚጠብቅዎትም ይወቁት። የመጀመሪያው ዓላማ ከረጢቱን ከነስሩ ማውጣትና ጆሮውን ደረቅ ማድረግ ነው፣ መስማት ሁለተኛ ነው የሚመጣው። የተበላው አጥንት አይበቅልም፣ ግን ከራሱ ከጆሮው በተወሰደ ካርቲሌጅ ወይም በታይታኒየም በተሰራች ትንሽዬ ዘንግ የመስሚያ አጥንቶቹን ድልድይ መልሶ መስራት ይቻላል፣ አንዳንዴ በዛው ቀን፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ዙር። ምላሱ በአንድ በኩል ለወራት ብረት ብረት ሊለው ይችላል፣ የጣዕም ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ መሃል ስለሚያልፍ ነው፣ አይደንግጡ። እስከዛው ሲታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ለውሳችሁ ጆሮው አፍ ላይ፣ ወንዝ ዋና የለም፣ ጤና አዳም ጭማቂም የሞቀ ዘይትም እንዳይገባበት። ጤና አዳም ለቡና ነው።

«ባህር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ) ተሰርቶልኝ 20 ምናምን ዴሲቤል ወጣ፣ ምንም አትልም ተባልኩ። ሌላ ሐኪም ሲቲውን አይቶ አንዷ የጆሮህ አጥንት ግማሿ የለችም አለኝ። አጥንት ከሌለ እንዴት እሰማለሁ? ማንኛቸው ናቸው የዋሹኝ?» (ከባህር ዳር)

ማንም አልዋሸህም ወንድሜ። ድልድዩ ፈርሶ ታምቡሩ ደህና ከሆነ እስከ 60 ዴሲቤል ድረስ መስማት ሊቀንስ ይችላል፣ ግን ሁለት ነገር ያድንሃል። አንዱ፣ ወደ ውስጥ የተሳበው ታምቡር ራሱ እርካቧ ላይ ሄዶ ይለጠፍና ድምጹን ያለ አቀባባይ ያደርሳል። ሌላው ደሞ ይብስ ይገርማል፣ ከረጢቱ ራሱ ክፍተቱ መሃል ተወትፎ ድልድይ ይሆናል፣ አጥንቷን የበላው እሱ፣ ስራዋን የሚሰራልህም እሱ።

ይሄን አስቀድመህ ማወቅህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ዓይነት ከሆንክ ከረጢቱ ሲወጣ መስማትህ ለጊዜው ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ያልተነገራቸው ሰዎች «ደህና ጆሮዬን አደነቆሩኝ» ብለው ከሐኪም ይጣላሉ። ሐኪምህን ከመግባትህ በፊት ቁጭ ብለህ ጠይቀው፣ ድልድዩን መቼና በምን እንደሚሰራልህ ይንገርህ። «እሰማለሁ እኮ» ብለህ ግን አትተወው፣ ኦዲዮግራም የሚለካው መስማትህን ነው፣ ጣራው ሳስቶ እንደሆነ አይነግርህም።

«ስሙ ኮሌስትሮል አለበት። ቅቤና ጥሬ ስጋ ላቁም?» (ከሐዋሳ)

ለልብዎ ብለው ከሆነ ይቀንሱ፣ ለጆሮዎ ከሆነ ግን ክትፎው ምንም አላደረገም። ስሙን በ1838 ያወጣው ጀርመናዊው ዮሃነስ ሙለር ነው፣ የስብ እጢ መስሎት ኮሌስትሮልን ከእጢ ጋር አጋባው። ስብም አይደለም፣ እጢም አይደለም፣ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። በጾም አይጠፋም።

«ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። አምና ለኮሌስቲያቶማ ኦፕሬሽን ተደርጌ ጆሮዬ ደርቋል፣ ሽታ የለ ፈሳሽ የለ። አሁን ሐኪሙ ከዓመት በኋላ ከፍተን እንየው ይለኛል። ምንም ሳያመኝ? ኢንሹራንስ ቢሉን ሳይ ገንዘብ ፍለጋ መሰለኝ።» (ከቨርጂኒያ)

ቢሉ ላይ አልከራከርህም፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። «ምንም ሳያመኝ» ያልከው መጀመሪያም አላመመህም፣ አይደለም እንዴ? ከረጢቱ ሲላጥ ከአጥንት ስንጥቅ ውስጥ ወይ ከእርካቧ እግሮች መሃል በዓይን የማትታይ የቆዳ ቁራጭ ከቀረች፣ ያቺ ቁራጭ ቅርፊቷን መጣል ትጀምርና አዲስ ዕንቁ ትሰራለች። በተለይ የጆሮው ቦይ ግድግዳ ሳይነካ የተሰራ ከሆነ፣ ምንም ፍንጭ አይታይም፣ ከውጭ ሲታይ ታምቡሩ ያማረ ነው፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አይታወቅም። ለዚህ ነው ከ9 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ተመልሰው የሚያዩት፣ ያኔ ትንሽ ስለምትሆን በቀላሉ ትነቀላለች፣ የመስማት ድልድዩንም በዛው አጋጣሚ ይሰሩልሃል። ግድግዳው ተነስቶ ሰፊ ጉድጓድ የተሰራላቸው ሰዎች ሁለተኛ መከፈት ብዙም ላያስፈልጋቸው ይችላል፣ በምትኩ እድሜ ልክ በየስድስት ወሩ በየዓመቱ ጆሮ ማስጠረግ አለባቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባም ያዞራቸዋል። አንተ የትኛው እንደተሰራልህ ከኦፕሬሽን ሪፖርትህ ላይ ጠይቅ።

አማራጭም አለህ። አሁን ዲፊውዥን የሚባል የኤምአርአይ ዓይነት አለ፣ ኬራቲን የሚባለውን የቆዳ ቅርፊት ነጭ አርጎ ያበራዋል፣ ሲቲ ስካን ግን ጠባሳውንም ፈሳሹንም ከረጢቱንም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው የሚያሳይህ። ብዙ ቦታ ሁለተኛውን ኦፕሬሽን በዚህ ተክተውታል። ችግሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰች ዕንቁ ልታመልጠው ስለምትችል አንድ ጊዜ ንጹህ ነህ ተብለህ አትቀርም፣ ለተወሰኑ ዓመታት እየደጋገምክ ትነሳለህ። ከዚህ በፊት የገባልህ ታይታኒየም ካለ ከመግባትህ በፊት ንገራቸው። እና ቀጠሮ ስትይዝ ተራ የጭንቅላት ኤምአርአይ እንዳይጻፍልህ፣ «ለኮሌስቲያቶማ ክትትል፣ ኤኮ ፕላናር ያልሆነ ዲፊውዥን» የሚል ወረቀቱ ላይ መኖሩን አይተህ ውጣ፣ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።